የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለተራራ መነጽር ቀላል ትራይፖድ

ከጎንደር ከተማ፣ ከደባርቅና ከጎርጎራ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ላይ ስላተኮሩ የዚህ እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለትራይፖድ፣ ማለትም የርቀት መነጽር ለሚታሰርበት ባለሦስት እግር መቆሚያ ተሰጥቷል። አንዳንዶቹን ጥያቄዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ደባርቅ የምኖር አስጎብኚ ነኝ። ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፖቲንግ ስኮፕ (በአንድ ዓይን የሚታይበት የርቀት መነጽር) አለኝ። ትራይፖዱን የገዛሁት ጎንደር ፒያሳ ካለ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ነው። በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ላይ ዋልያ ለማሳየት ከ40 በላይ ሳጎላ ምስሉ ይርገበገባል፤ እንግዳው "የቱ ጋ ነው?" እያለ ያስጨንቀኛል። ቀላል ሆኖ የማይንቀጠቀጥ የትኛው ነው?

መልስ፦ የምርት ስም ከመጠየቅዎ በፊት መነጽሩን የሚያዩት ተቀምጠው ነው ወይስ ቆመው የሚለውን ይወስኑ። ሻጭ ሁሉ ቁመት ያስቀድማል፤ "እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ይወጣል" ይልዎታል። ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚቃኝ ሰው ግን ድንጋይ ወይም ሣር ላይ ይቀመጣል። መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚውለው። የትራይፖዱ ጭንቅላት (መነጽሩ የሚታሰርበት ተሽከርካሪ ክፍል) እና መነጽሩ የራሳቸው ቁመት ስላላቸው የእግሮቹ አናት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢደርስ ይበቃዋል። የቀረውን ቁመት ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ተሸክመውት ይሄዳሉ እንጂ አይሠሩበትም።

ቁመት ክብደት ብቻ አይደለም፤ መንቀጥቀጥም ነው። አንድ ዓይነት ቧንቧ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ግፊት ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። በውፍረትም በኩል ነገሩ ያው ነው፤ ግድግዳቸው እኩል የሆነ ሁለት ቧንቧዎች ቢወዳደሩ ባለ13 ሚሊ ሜትሩ ከባለ19ኙ ሦስት ጊዜ ያህል ይበልጥ ይለመጣል። ባለ5 ክፍል እግር ሲታጠፍ በጣም ስለሚያጥር ቦርሳ ውስጥ ያምራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ከበላዩ ካለው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚቀጥን፣ ከ25 የጀመረው እግር መሬት ሲነካ 13 ሆኖ ነው። ከነፋስ ጋር የሚጫወተውም ያ የመጨረሻው ክፍል ነው። ስለዚህ ቅለትን ከቧንቧው ቅጥነት ሳይሆን ከማይጠቀሙበት ቁመት ይቀንሱ። አጭርና ወፍራም ይግዙ።

የእርስዎ ጉዳይ አንድ ልዩነት አለው፤ እንግዶችዎ ቆመው ማየት ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ይፈልጉ፦ ያለ መሃል ምሰሶ (አናቱን ከፍ የሚያደርገው ተመዛዥ ዘንግ) ከ130 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ባለ3 ወይም ባለ4 ክፍል፣ የላይኛው ቧንቧ 28 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው ከ19 ያልቀጠነ። በካርቦን ፋይበር የተሠራ እንዲህ ያለ እግር ብቻውን ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ400 እስከ 600 ግራም የሆነ ጭንቅላት ሲጨመርበት 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 80 ሚሊ ሜትር ስኮፕ ብቻውን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ስለሚመዝን ከዚህ በታች መውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። ጭንቅላትን ጨምሮ ከ1 ኪሎ በታች የሆኑት ለስልክና ለትንሽ ካሜራ የታሰቡ ናቸው።

ጭንቅላቱ ባለእጀታ ይሁን፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ-ታች የሚሄድበት ለየብቻው የሚጠብቅና የሚላላ። ባለኳሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለአንድ አቅጣጫ ሲያላሉት በሁሉም አቅጣጫ ይላላል፣ 2 ኪሎ ስኮፕም በአፍጢሙ ይደፋል። ጨነቅና ኢሜት ጎጎ ላይ ደግሞ አብዛኛው እይታ ቁልቁል ነው። ሱቅ ውስጥ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ይድፉት፤ እጀታው ከኋላ ተነስቶ ከዓይን መመልከቻው ጋር ይጋጫል? የፊቱ ጫፍ ከእግሩ ጋር ይላተማል? ቢያንስ 45 ዲግሪ ካልወረደ ለሰሜን ገደል አይሆንም።

እግረ መንገዱን፣ ስኮፕዎ ዓይን መመልከቻው በ45 ዲግሪ የታጠፈ ከሆነ 30 ዲግሪ ቁልቁል ሲያዩ አንገትዎን 75 ዲግሪ አቀርቅረው ነው። ቀጥ ያለው ስኮፕ ለገደል ይመቻል። የታጠፈው ደግሞ ለእንግዳ ይሻላል፤ ቁመቱ አጭር በሆነው ሰው ልክ ያቆሙታል፣ ረጅሙ ጎንበስ ይላል፣ በየሰዉ ቁመት እግር ማስረዘምና ማሳጠር ይቀራል።

ከመክፈልዎ በፊት ይፈትኑት። እግሮቹን ሙሉ በሙሉ ይምዘዙ፣ መሃል ምሰሶውን አይንኩ። አናቱን በሁለት እጅ ይዘው ግራና ቀኝ በቀስታ ይጠምዝዙት፤ እግሮቹ ቆመው አናቱ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ይተውት። ስኮፑን አስረው በ60 አጉልተው ከሱቁ በር የፋሲል ግንብን ማማ ጫፍ ይያዙና እግሩን በጣት መታ ያድርጉ። ምስሉ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ውስጥ ከረጋ ደህና ነው፤ አምስት ከቆጠሩ ይመልሱት። ካርቶኑ ላይ "12 ኪሎ ይሸከማል" የሚለው ብዙም አይረዳዎትም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚለካው፣ ቁጥሩም አለመውደቁን እንጂ አለመንቀጥቀጡን አይናገርም።

አዲሱ እስኪገዛ ድረስ ያለዎት አይጣል። እንዲህ ያሉት ትራይፖዶች ሦስቱን እግሮች መሃል ላይ የሚያያይዙ ቀጫጭን ድጋፎች አሏቸው፤ ለሳሎን ወለል ይበጃሉ፣ ወጣ ገባ መሬት ላይ ግን አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። የሚያስሯቸው ቪቴዎች በካቻቪቴ የሚፈቱ ከሆነ ይፍቷቸው፤ ከዚያ በኋላ እግሮቹን ከልክ በላይ እንዳይከፈቱ በገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል። መሃል ምሰሶውን እስከ መጨረሻው ያውርዱና ያጥብቁ። በጣም ቀጭኑን ክፍል አይምዘዙት። ተቀምጠው ይዩ። በእነዚህ ብቻ ከ30 እስከ 40 ማጉላት ድረስ የሚታይ ለውጥ ያገኛሉ፤ በ60 ግን ተአምር አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሲበረታ ቦርሳዬን ከትራይፖዱ ሥር አንጠለጥላለሁ። ይባስ ብሎ ይወዛወዛል። ለምን?

መልስ፦ ቦርሳው ራሱ ስለሚወዛወዝ ነው። ገመዱን አስረዝመው የቦርሳው ታች መሬቱን እንዲነካ ያድርጉ፤ ክብደቱ ይጎትታል፣ መሬቱ ደግሞ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል። ሌላው መንገድ ከመንጠቆው ላይ የገመድ ቀለበት አውርዶ በእግር መርገጥ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባሌ በኩል በሕጋዊ የአደን ቀበሌ ውስጥ ዱካ ተከታይ ሆኖ ይሠራል። ባለ10 በ42 እና ባለ15 በ56 ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት መነጽር፤ የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ሚሊ ሜትር ነው) አለው፣ ስኮፕ አይዝም። ቀኑን ሙሉ ስለሚሄድ በጣም ቀላል ትራይፖድ ይፈልጋል። ሌላው ጥያቄዬ፣ እዚህ ሰሜን ውስጥስ እንዲህ ያለ አደን ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ አይፈቀድም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ መግደሉም ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ሲሆን፣ የደጋ አጋዘን የሚታደነው በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች፣ በፈቃድና በኮታ ነው።

ወደ ትራይፖዱ ስንመለስ ለወንድምዎ ሸክሙ ቀላል ነው። ባለ10 በ42 ባይኖኩላር 700 ግራም ገደማ፣ ባለ15 በ56 ደግሞ ከ1.1 እስከ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። የላይኛው ቧንቧ 22 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ ከ100 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ መሃል ምሰሶ የሌለው ወይም ምሰሶው የሚወልቅ፣ ከነጭንቅላቱ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ የሚመዝን ይበቃዋል። ለተቀመጠ ሰው ይተርፋል፣ ለተንበረከከም ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ባለኳስ ጭንቅላት ቢጠቀም አንከራከርም፤ ባይኖኩላር አጭር ስለሆነ እንደ ስኮፕ ወደ ፊት አይከብድም። ቢሆንም 250 ግራም ገደማ የሆነች ባለእጀታ ብታገኙ እሷን ምረጡ፤ ምክንያቱ አቃቃኙ ላይ ነው።

ባለ15ቱን በእጅ ይዞ መቃኘት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ከ12 ማጉላት በላይ የልብ ምትም ይታያል። በትራይፖድ ሲታሰር ግን ተራራውን በሰልፍ መቃኘት ይቻላል። ባለ15ቱ በ1,000 ሜትር ርቀት 80 ሜትር ገደማ ስፋት ያሳያል፤ ባለ10ሩ 110 ገደማ። ከላይ ግራ ጥግ ይጀምር፤ ምስሉን ሳያንቀሳቅስ ዓይኑን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ያዙር፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ቀኝ ያሽከርክረው፤ ሰልፉ ሲያልቅ አንድ እርከን ዝቅ ይበል። ባለእጀታ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲሄድ ከፍታውን አይለቅም፤ ባለኳሱ ግን በየጊዜው ያዘነብላል፣ ሰልፉም ይፋለሳል። በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛ አጋዘን የሚገኘው በጆሮ ወይም በቀንድ ጫፍ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ የረጋ ምስል ላይ የቆየ ዓይን ከሚሮጥ ዓይን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ቶርኖ ቤት እሠራለሁ። አንድ ደንበኛ ባይኖኩላሩን ትራይፖድ ላይ የሚያስር ብሎን እንድሠራለት አመጣልኝ። ቀዳዳውን ስለካው 6 ሚሊ ይመስላል፤ የ6 ብሎን ሁለት ዙር ገብቶ ይቆማል። ላስገድደው?

መልስ፦ በፍጹም አያስገድዱት! ያ የባይኖኩላር ቀዳዳ የ6 ሚሊ ሳይሆን የሩብ ኢንች ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ፣ ማለትም የጥርሱ እርምጃ 1.27 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው የ6 ብሎን እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ዙር ከገባ በኋላ ጥርስ ጥርሱን ይጋልባል። አንዴ ካስገደዱት ሴቴው ጥርስ ይበላሻል፤ ያ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ብረት የተሠራው የባይኖኩላሩ ማጠፊያ ላይ ነው፣ በቀላሉ አይጠገንም።

በካሜራና በመነጽር ዓለም ሁለት ልኮች ብቻ ይበቁዎታል። መነጽሩንና ፕሌቱን (ጭንቅላቱ ላይ የሚቆለፈውን ጠፍጣፋ ብረት) የሚያገናኘው ሩብ ኢንች ባለ20 ጥርስ ነው። ጭንቅላቱንና እግሩን የሚያገናኘው ደግሞ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ባለ16 ጥርስ ሲሆን 9.53 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህንንም በ10 ብሎን አይተኩት። የድሮው የእንግሊዝ ዊትዎርዝ ጥርስ ማውጫ ካለዎት በሁለቱም ልክ የጥርሱ ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆነ ለአጭር ብሎን ያገለግላል፤ የጥርሱ ማዕዘን ብቻ 55 እና 60 ዲግሪ እየሆነ ይለያያል። የውኃ ቧንቧ "ሦስት ስምንተኛ" ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ውፍረቱ ከ16 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

ባይኖኩላሩ ላይ ቀዳዳው የሚገኘው ሁለቱ ቱቦዎች በሚታጠፉበት መሃል ዘንግ ፊት ለፊት፣ የፋብሪካው ምልክት ባለባት ክዳን ሥር ነው። ክዳኗን በጣት ወደ ግራ ያዙሯት። ካልፈታች በጎማ ቁራጭ ይያዟት እንጂ በፒንሳ አይንኩ። ሲሠሩ ከዘንጉ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ርዝመት ከቀዳዳው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ጥልቀቱን በክብሪት እንጨት ይለኩ። ብሎኑ ከረዘመ ከወለሉ ጋር ይጋጫል፣ ደንበኛውም "አልጠበቀም" ብሎ ሲያጠብቀው ማጠፊያውን ይገፋዋል። የሚቆመው ክፍል ቁመትም አስፈላጊ ነው፦ ባይኖኩላሩ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቱቦዎቹ ፕሌቱን መንካት የለባቸውም። ባለ56 ሚሊ ሜትር መስታወት የሆኑት ሰፋፊ ስለሆኑ መቆሚያው ረዘም ይላል፤ ባይኖኩላሩን በደንበኛው ዓይን ስፋት ልክ ከፍተው ይለኩት።

ታችኛውን ፕሌት ለአርካ ስዊስ ማቆሚያ (ፕሌቱን ከሁለት ጎን ቆንጥጦ ለሚይዘው የተለመደ መያዣ) እንዲስማማ ከሠሩት ጎኖቹ በ45 ዲግሪ የተቆረጡ፣ የታችኛው ስፋት 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ጫፉ ላይ ከሥር ትንሽ ቪቴ ቢጨምሩ መያዣው ሲላላ ዕቃው ተንሸራቶ ከመውደቅ ይድናል።

ቀዳዳ የሌላቸው ባይኖኩላሮችም አሉ፣ በተለይ ባለ8 በ25ን የመሰሉ ትናንሾቹ። ለእነሱ ማጠፊያውን ከላይ በቀበቶ የሚያስር ጠፍጣፋ መቀመጫ ይሠራል። ከቱቦው ላይ አትብሱ።

ጥያቄ፦ ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም? ዕቃችን የሚጫነው በበቅሎ ነው።

መልስ፦ በጀርባ ከሆነ ካርቦን፣ በበቅሎ ከሆነ ይታሰብበት። በአንድ ዓይነት ልክ ካርቦኑ ከ300 እስከ 500 ግራም ይቀንሳል፣ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ሲመታ ግን አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደው ቦታ ሲዘጋ ይያዛል፣ ግን ቢያንስ በዚያን ቀን ይቆማል። በቅሎ ጭነቷን ከድንጋይ ጋር ስታሻሽ ከውጭ የታሰረ ትራይፖድ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው። ጭንቅላቱን ፈትተው ለየብቻ ይጠቅልሉ፤ እግሩን በተጠቀለለ ፍራሽ ውስጥ፣ በጭነቱ መሃል ያስገቡት፤ ገመዱ ቧንቧውን በቀጥታ አይጭነቅ። ካምፕ ሲደርሱ እያንዳንዱን ክፍል መዝዘው በጥፍር ያዳብሱት። ነጭ መስመር ወይም የተነሣ ክር ካለ ያ ክፍል አይመዘዝ፤ ስንጥሩ እጅ ውስጥ ሲገባ ለማውጣት ያስቸግራል።

በጠዋት ብርድ አሉሚኒየም እጅ ያቃጥላል። በሁለት እግሮች ላይኛ ክፍል ላይ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠው ያልብሱት፤ ርካሽ ነው፣ ከትከሻም አይንሸራተትም።

በነገራችን ላይ ረጅም ጥቁር ከረጢት መንገድ ላይ ፍተሻ ሲያጋጥም ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ከላይ የሚከፈት፣ ውስጡ ወዲያው የሚታይ ከረጢት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ጣና ዳር ወፍ እናያለን። የትራይፖዴ መቆለፊያ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ዓይነት ነው፤ አሁን ጭቃ ገብቶበት ይንኮሻኮሻል፣ አንዱ ክፍል ደግሞ ቢጠብቅም ይንሸራተታል። ግራሶ ልቀባው?

መልስ፦ ግራሶ ነው ያንሸራተተው ቢባልም አይገርምም። ቅባት የሚገባው ጥርሱ ላይ ብቻ ነው፤ ቧንቧውን የሚጨብጠው ፕላስቲክ ደረቅ መሆን አለበት። እንዲህ ያጽዱት፣ አንዱን እግር ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ።

ከታችኛው መቆለፊያ ይጀምሩ። ቀለበቱን እስኪለቅ ወደ ግራ ያዙሩና ቧንቧውን በቀስታ ይሳቡ፤ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። በቧንቧው የላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ግማሽ ክብ ፕላስቲኮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቧንቧው ላይ ካለ ቀዳዳ የምትገባ እንደ ቁንጫ ያለች ጉብታ አላቸው። ሲወጡ ይረግፋሉ፣ ጭቃ ውስጥ ከወደቁ ትራይፖዱ አበቃለት፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር አይፍቱት፣ ቤት ይግቡ። ከቀለበቱ ውስጥ ያለውንም የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቀለበት ያውጡ፣ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደነበር በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሁሉንም በሞቀ ውኃና በትንሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡ፤ ቤንዚን ፕላስቲኩን ስለሚጎዳ አይጠቀሙ። ቧንቧውን ከውስጥ በዱላ ላይ በተጠመጠመ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ጥርሱ ላይ ብቻ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግራሶ ያዳርሱ፤ የሞተር ዘይት አይሆንም፣ ወደ ፕላስቲኩ ይፈሳል፣ አሸዋም ይሰበስባል። ግማሽ ክቦቹን በጉብታቸው ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው በሁለት ጣት ይዘው ቧንቧውን ይመልሱ።

ከጸዳ በኋላም የሚንሸራተት ከሆነ ፕላስቲኩ አልቋል። መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ በፕላስቲኩና በቧንቧው መካከል አንድ ዙር ስስ ፕላስተር መጠምጠም ለጥቂት ቀናት ይሠራል።

ለወደፊቱ ደግሞ ደንገል ውስጥ ስትገቡ የመጨረሻውን ቀጭን ክፍል መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ምዘዙት፣ ቁመቱን ከላይኞቹ ጨምሩ። መቆለፊያው ከጭቃው በላይ ይቆያል። ቅጥነቱ እዚህ አይጎዳም፣ አብዛኛው ጭቃ ውስጥ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ወፍራም ጥሩ ትራይፖድ ገዝቼም ቀትር ላይ ምስሉ አይረጋም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት አየሩ ነው። እጅዎን አንስተው ይመልከቱ። ምስሉ ሙሉ በሙሉ፣ ሁሉም ዳር አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥፋቱ የትራይፖዱ ነው። ምስሉ ቦታውን ይዞ የዋልያው ቀንድና የድንጋዩ ጠርዝ ግን እንደሚፈላ ውኃ የሚንተከተክ ከሆነ ፀሐይ ያሞቀው ምድር የሚያስነሳው አየር ነው፤ የትኛውም ትራይፖድ አይፈውሰውም። ማጉላቱን ወደ 25 ወይም 30 ይቀንሱ። ጥሩው ጊዜ ከንጋት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ከመኪና ኮፈን ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አሻግሮ ማየትም ይህንኑ ያመጣል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የመሬት ቀያሾች ባለእንጨት ትራይፖድ ቢሮአችን ውስጥ ተጥሎ አለ። ለእንስሳት ቆጠራ እንጠቀምበት?

መልስ፦ ከመኪና ሃምሳ እርምጃ የማይርቁ ከሆነ አዎ፤ እንጨት ንዝረትን በደንብ ያበርዳል። ከ5 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ግን ወደ ግጭ በእግር ለሚወጣ አይደለም። ብሎኑም አምስት ስምንተኛ ኢንች ባለ11 ጥርስ ነው፤ ወደ ሦስት ስምንተኛ የሚያወርድ አገናኝ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ዱላ ላይ ባይኖኩላር ማስደገፍስ አይበቃም?

መልስ፦ ለባለ8 እና ለባለ10 ይበቃል፣ ለዚያም ምንም ወጪ የለውም። ተቀምጠው ዱላውን በሁለት ጉልበት መካከል ይትከሉ፣ ባይኖኩላሩን የያዘውን እጅ አውራ ጣት ዱላው አናት ላይ ያሳርፉ፣ ክርኖቹን ጉልበት ላይ ያድርጉ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዘው ከሞላ ጎደል ይቆማል፣ ወደ ጎን ያለው ትንሽ ይቀራል። አናቱ ላይ የሩብ ኢንች ብሎን ቢተከል ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ጫፉ በብረት ቀለበት ይታሰር። ለ20 ማጉላትና ከዚያ በላይ ግን ዱላ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስኮፑን ወደ ግራ ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቱ ከእግሩ ላይ ይፈታል። በጣም እያጠበቅሁትም ነው።

መልስ፦ ሁሉም እንዲህ ያሉ ብሎኖች ወደ ግራ ሲዞሩ ነው የሚፈቱት፤ የጭንቅላቱ ማሽከርከሪያ ከብሎኑ ይበልጥ ከጠበቀ ደግሞ የሚዞረው ብሎኑ ነው። መጀመሪያ የጎን ማሽከርከሪያውን ቁልፍ በበቂ ሁኔታ ያላሉት፤ ብርድ ላይ በውስጡ ያለው ወፍራም ቅባት ስለሚደርቅ ጠዋት ጠዋት ከቀትር ይበልጥ መላላት አለበት። ቀጥሎ ጭንቅላቱ የሚቀመጥበትን ሳህን ከሥር ይመልከቱ፦ ጥሩ ትራይፖዶች ላይ ሦስት ትናንሽ ቪቴዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ጭንቅላቱን በእጅ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ እነዚህን በብሩጎላ ቁልፍ በየተራ፣ ሦስቱንም እኩል ያጥብቋቸው። እነሱ ከሌሉ ብሎኑ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ይበቃል። ቀዩን አይጠቀሙ፤ ሲፈለግ በእሳት ካልሆነ አይፈታም፣ እሳት ደግሞ ካርቦኑን የያዘውን ሙጫ ያበላሸዋል።